ሰው በእጁ የሠራውን ዕጣ ሊጠይቅ ይገባዋልን?

አንባቢ ሆይ፥ አንድ ሰው ከአንዱ ግንድ ግማሹን ለማገዶ አንድዶ በቀረው ግማሽ ጣዖት ጠርቦ ሲሰግድለት ነቢዩ ኢሳይያስ እንደ ዘበተበት ታውቃለህ። ያንን ምዕራፍ ስናነብ ሁላችን ፈገግ እንላለን፤ እንዲህ ያለ ሞኝ በእኛ ዘንድ የለም ብለን እናስባለንና። ነገር ግን አንድ የተማረ ወጣት ወፍራም ወረቀት በመቀስ ቈርጦ፥ በያንዳንዱ ላይ ሥዕል ሥሎና ቍጥር ጽፎ፥ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ በዚያው ማታ ወረቀቶቹን በውዞ «የነገው ፈተና እንዴት ይሆንልኛል? የታመመችው እኅቴስ ትድናለችን?» ብሎ ቢጠይቃቸው፥ ከዚያ ጠራቢ በምን ይለያል? ጠራቢው ምንም እንኳ ቢሳሳት እንጨቱን ያበቀለው ራሱ አልነበረም። ይህ ወጣት ግን ሥዕሉንም፥ ቍጥሩንም፥ ትርጕሙንም ራሱ አውጥቶ፥ ጥያቄውንም ራሱ ጠይቆ፥ መልሱንም ራሱ ይሰጣል።

ይህን የምጽፍልህ በሩቅ አገር ስለሚሰማ ነገር ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ከአስፈሪ ልብ ወለድ ታሪክ ፍጡራንን፥ ከቍጥር ስሌትም ተራን ወስደው የራሳቸውን የዕጣ ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ዛሬ በቦንጋ ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ በደካም ያለ ወጣት፥ በእጁ በሚይዘው ስልክ ይህን ሁሉ ሊያይና ሊቀዳ ይችላል። እኛም ደግሞ ከነርሱ በፊት የራሳችን ቍጥርና የራሳችን ዕጣ ነበረን። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ ነው ብሎ ማለፍም፥ የሰይጣን ነው ብሎ ጮኾ መሮጥም አይበቃም፤ ከሥሩ ጀምሮ ሊመረመር ይገባዋል።

የዕጣው ካርታ ታሮት ይባላል። አመጣጡን ማወቅ የነገሩን ግማሽ ስለሚፈታልን ጥቂት እንቈይበት፤ ዓመቶቹንም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አስቀምጬልሃለሁ። ካርታው በ15ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣልያ ለጨዋታ የተሠራ ነው። 78 ቅጠል ሲኖረው 56ቱ እኛ የምናውቀውን ካርታ ይመስላሉ፤ 22ቱ ግን ሥዕል ያለባቸውና ሌላውን ሁሉ የሚረቱ ናቸው። መሳፍንትና ወይዛዝርት ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ሲጫወቱበት ኖሩ። በ1781 ግን ኩር ደ ዤብለን የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ፥ ይህ ካርታ የጥንት የግብጽ ካህናት ጥበባቸውን የሰወሩበት መጽሐፍ ነው ብሎ ጻፈ። አስተውል፤ ሻምፖልዮን የግብጽን ሥዕላዊ ፊደል የፈታው በ1822 ነው። እንግዲህ ኩር ደ ዤብለን በዚያ ፊደል የተጻፈች አንዲት ቃል ማንበብ የሚችል ሰው በዓለም ባልነበረበት ጊዜ ስለ ግብጽ ምስጢር መሰከረ ማለት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ አልዬት የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ የስሙን ፊደላት ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ ራሱን «ኤቴያ» ብሎ ሰየመ፤ በ1789 ገደማም ለጥንቆላ ብቻ የታሰበ ካርታ አሳተመ። በ1850ዎቹ ደግሞ ኤሊፋስ ሌዊ የተባለው ጸሐፊ 22ቱ ሥዕሎች ከ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ጋር አንድ ናቸው አለ። በዳዊት 118ኛውን መዝሙር ከአሌፍ እስከ ታው የደገመ የአገራችን ተማሪ እነዚያን ፊደላት በስማቸው ያውቃቸዋል። ይሁን እንጂ ሌዊ ያገኘው የግዕዝን ፊደል ቢሆን ኖሮ፥ የእኛ 26 ስለ ሆነ፥ አራት ካርታ በጐደለው ነበር! ያን ጊዜም ቢሆን ሌላ ምክንያት ባላጣ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የሚቀጥለው ነው። በ1888 በለንደን «ወርቃማው ንጋት» የሚባል የምስጢር ማኅበር ተቋቋመ። የዚያ ማኅበር አባል የነበረው አርተር ዌይት በ1909 ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ በምትባል ሠዓሊት እጅ አዲስ ካርታ አሠርቶ አሳተመ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቶ የሚታየው ይህ ነው። ከዚያ በፊት በተለመደው ካርታ የፍትሕ ሥዕል 8ኛ፥ የብርታት ሥዕል 11ኛ ሆነው ይቈጠሩ ነበር። ዌይት ግን ማኅበሩ ያወጣው የከዋክብት ተራ እንዲገጥም ብሎ ሁለቱን አለዋወጣቸው። እንግዲህ የልደት ቀኑን ቍጥር ደምሮ 8 ያገኘ ሰው በአንዱ ካርታ ዳኛ፥ በሌላው ካርታ ኀያል ይሆናል። የሰውዬው ልደት አልተለወጠም፤ ሰማይም አልተለወጠም፤ የተለወጠው በለንደን አንድ ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ ተራ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ልብ ወለዱ እንምጣ። ሃዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ (1890–1937) ከሰው ልጅ በፊት በምድር ላይ ነበሩ ስለሚላቸው አስፈሪ ፍጡራን ብዙ ታሪክ ጻፈ። በነዚያም ታሪኮች ውስጥ «ኔክሮኖሚኮን» የሚባል መጽሐፍ አለ፤ አንድ ያበደ ዐረብ ጻፈው ይባላል፤ ያነበበውም ሁሉ ጥፋት ያገኘዋል። ላቭክራፍት ራሱ ግን በመናፍስት የማያምን ሰው ነበረ፤ ይህ መጽሐፍ የት ይገኛል ብለው ለሚጠይቁት አንባቢዎችም መጽሐፉንም ጸሐፊውንም ከልቡ እንደ ፈጠራቸው በደብዳቤ በግልጥ ይመልስላቸው ነበር። በዚህ በኩል ሐቀኛ ሰው ነው፤ ተረት ጻፍሁ አለ፥ የጻፈውም ተረት ነበረ። እርሱ ከሞተ ከ40 ዓመት በኋላ በ1977 አንድ መጽሐፍ በዚያው ስም በኒው ዮርክ ታተመና እውነተኛው ይህ ነው ተባለ። በ2007 ደግሞ በዚያው የተረት መጽሐፍ ስም የዕጣ ካርታ ታትሞ ለገበያ ዋለ። እነሆ፥ ባለቤቱ «ውሸት ነው» ብሎ የማለለትን ነገር፥ እውነት እንዲነግራቸው የሚጠይቁት ሰዎች ተነሡ።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ልብ በል። የላቭክራፍት ታሪኮች መሠረታቸው፥ ይህ ፍጥረተ ዓለም ስለ ሰው ምንም ግድ የለውም የሚል ነው። በእርሱ ታሪክ ያሉት ኀያላን ሰውን አይወዱም፥ አይጠሉምም፤ እኛ በመንገድ ላይ ጉንዳን ረግጠን እንደምናልፍ ያልፋሉ። ታዲያ ከዚያ ታሪክ በተቀዳ ካርታ ላይ «ምን ልሥራ? ማንን ላግባ?» ብሎ መጠየቅ ምን ዓይነት ነገር ነው? ግድ የለኝም የሚልን ንጉሥ ምክር እንደ መለመን ነው። ታሪኩን ካመንህ መልስ አይሰጥህም፤ ካላመንህም የምትጠይቀው የለም።

አንተ ግን «ይህ የፈረንጅ ስንፍና ነው፤ የእኛ ግን ከአባቶች የመጣ ነው» ትል ይሆናል። እስቲ እንየው። በየከተማው በመንገድ ዳር የሚሸጠውን አውደ ነገሥት የማያውቅ የለም። ሥራው እንዲህ ነው፤ የሰውዬው ስምና የእናቱ ስም ፊደል በፊደል ወደ ቍጥር ይመለሳል፥ ይደመራል፥ በ12ም ይገደፋል፤ የተረፈው ቍጥር ኮከቡን ያሳያል። ሌላም ክፍል አለው፤ ጠያቂው ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን በተሣለው አውድ ላይ ያሳርፋል፥ ያረፈበትም ቦታ ወደሚነበበው ቃል ይመራዋል። ይህ ካርታ ከመበወዝ በምን ይለያል? የኮከቦቹንም ስም ስማቸው፤ ሐመል፥ ሠውር፥ ገውዝ፥ ሸርጣን፥ አሰድ፥ ሰንቡላ፥ ሚዛን፥ አቅራብ፥ ቀውስ፥ ጀዲ፥ ደለዊ፥ ሑት። ግዕዝ የሚመስሉትም ሳይቀሩ እነዚህ ሁሉ የዐረብኛ ስሞች ናቸው። ዐረቦችም ትምህርቱን ከግሪኮች፥ ግሪኮች ከባቢሎን ተቀብለውታል። እንግዲህ ከአባቶች መጣ የምንለው ነገር እንደ ታሮቱ ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ነው፤ ልዩነቱ እኛ ቤት ከገባ ብዙ ዘመን መሆኑ ብቻ ነው።

በካፋ ግን ይህ ስሌት ሌላ ችግር ያገኘዋል፤ እኔ ስለዚህ የተናገረ ሰው አልሰማሁም፥ ነገር ግን ቀላል ነገር ነው። አውደ ነገሥት የሚቈጥረው የግዕዝን ፊደል ነው። የካፋ ሰው ስም ግን በካፊኛ የወጣ ነው፤ ካፊኛም ዛሬ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። የካፋን የመጨረሻ ንጉሥ ስም አስብ፤ በ1897 የተማረከው ንጉሥ በአንዱ መጽሐፍ ጋኪ ሸረቾ፥ በሌላው ጋኪ ሸሮቾ፥ በሌላውም ጋኪ ሻሮቾ ተብሎ ተጽፏል። አንድ ሰው ነው፤ እናቱም አንዲት ናት፤ ጸሐፊው ግን በሰማው መጠን ጻፈ። ፊደሉ ሲለወጥ ቍጥሩ፥ ቍጥሩም ሲለወጥ ኮከቡ ይለወጣል። እንግዲህ የንጉሡን ዕድል የሚወስነው ሰማይ ነውን? ወይስ የጸሐፊው ጆሮ? አማርኛ ተናጋሪውም ከዚህ አያመልጥም፤ ሠና ሰ፥ ዐና አ፥ ፀና ጸ በአፉ አንድ ስለ ሆኑበት ስሙን አንድ ቀን በዚህ፥ አንድ ቀን በዚያ ይጽፋል። በዮሐንስ ራእይ ያለውን 666ን የሚቈጥሩ ሰዎችም ይህንኑ ያገኙታል። ከጥንት ቅጂዎች በአንዳንዶቹ ቍጥሩ 616 ሆኖ ይገኛልና፤ የኔሮን ስም በዕብራይስጥ ሲጻፍ መጨረሻዋ አንዲት ፊደል ስትጨመር 666፥ ስትቀር 616 ይሆናል። የአንድ ፊደል ነገር ነው።

ከዚህ የሚበልጠውን ግን አሁን ተመልከት። ማንኛውም ስም ቢደመርና በ12 ቢገደፍ መልስ ሳይሰጥ አይቀርም። ከአሥራ ሁለቱ በአንዱ መውደቁ የሒሳብ ግድ ነው። የድመትህን ስም ብትሰጠው ኮከብ ያወጣላታል፤ የወንበርህንም ስም ብትሰጠው እንዲሁ። 78 ካርታ በውዘህ ሦስቱን በተራ ብታወጣ 456,456 ዓይነት አወጣጥ አለ፤ ከነዚህም አንዱ እንኳ «አላውቅም» የሚል አይደለም። ሐኪም አላውቅም ይላል፤ ዳኛ ማስረጃ አልበቃም ይላል፤ እውነተኛ ወዳጅም ምን እንደምመክርህ ቸገረኝ ይላል። ዝም ማለት የማይችል መካሪ ግን ያውቃል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ማወቁን የምንለይበት ምልክት ጠፍቶበታል።

«ነገር ግን ስለ እኔ የተናገረው ልክ ሆነ» የሚል ብዙ ነው። በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ ፈተና ሰጥቶ፥ ለያንዳንዱ ስለ ጠባዩ የተጻፈ ወረቀት ለብቻው አደለው፤ ምን ያህል እንደሚስማማውም ከ5 ነጥብ እንዲሰጥ አዘዘ። ተማሪዎቹ በአማካይ ከ4 በላይ ሰጡት። በኋላ ግን ወረቀቱ ለሁሉም አንድ መሆኑን ገለጠላቸው፤ ከኮከብ ቈጠራ መጽሐፍ የለቀመው ነበረ። «አንዳንድ ጊዜ ትጫወታለህ፥ አንዳንድ ጊዜ ግን ዝም ትላለህ» ቢሉህ፥ ከቦንጋ እስከ ሮም ይህ የማይስማማው ሰው ማን ነው? ቅዱስ አውግስጢኖስም በ400 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው ኑዛዜው ስለ አንድ ወዳጁ ይተርካል፤ የወዳጁ እናትና የአባቱ ወዳጅ አገልጋይ በአንዲት ቅጽበት ወልደው፥ አንዱ ልጅ በሀብት ሲያድግ ሌላው በባርነት ቀረ። ኮከቡ አንድ ነበረ፤ ቤቱ ግን ሁለት ነበረ።

እንግዲህ ብርቱውን መከራከሪያ እናንሣ፤ እርሱን ሳንመልስ ብናልፍ የተማረውን ወጣት አንረዳውምና። እርሱ እንዲህ ይላል፤ «ካርታው ምንም እንደማያውቅ እኔ ራሴ አውቃለሁ፤ የሠራሁት እኔ ነኝና። የምጠይቀው እርሱን አይደለም፤ በሥዕሉ እየተረዳሁ የገዛ ልቤን እመረምርበታለሁ። መስተዋት ነው።» ይህ ቃል ብልህ ቃል ነው፤ ከፊሉም እውነት ነው። ሰው ሥዕል አይቶ ያላሰበውን ሊያስብ ይችላል፤ ጌታችንም በምሳሌ አስተምሯል፤ ተረት መፍጠርም ሥዕል መሣልም ሰው ከፈጣሪው የተቀበለው ጸጋ ነው። አስፈሪ ታሪክም ቢሆን ተረት እስከ ሆነ ድረስ እኔ አልነቅፈውም፤ አያቶቻችን በምድጃ ዳር የጅብና የቡዳ ተረት ነግረውን አድገናልና።

ነገር ግን መስተዋት ከሆነ ለምን ትበውዘዋለህ? ሥዕሎቹን ሁሉ ገልጠህ በፊትህ ደርድረህ ከነርሱ ልብህን የሚነካውን ለምን አትመርጥም? ልብን ለመመርመር ይህ ይሻል ነበር። ካርታውን ገልብጠህ የምትበውዘው ምርጫው ካንተ ውጭ ከሆነ ከአንድ ነገር እንዲመጣልህ ስለምትፈልግ ነው። በአፍህ ማንንም አልጠይቅም ትላለህ፤ እጅህ ግን ይጠይቃል። ክፉ ካርታ ሲወጣስ ልብህ አይደነግጥምን? መልካም ሲወጣ አትጽናናምን? መስተዋት ፊትህ ላይ ጥላሸት ቢያሳይህ ታጥበዋለህ እንጂ «ዕድሌ ነው» አትልም።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሣል፤ «ሐዋርያት በይሁዳ ቦታ ማትያስን የመረጡት በዕጣ አይደለምን? ምድረ ርስትስ ለነገዶች በዕጣ አልተከፈለችምን?» መልካም ጥያቄ ነው። በ1274 የሞተው ቶማስ አኵዊናስ ዕጣን በሦስት ከፍሎ አይቶታል፤ ለማካፈል የሚጣል፥ ምክር ለመጠየቅ የሚጣል፥ የተሰወረውንና የሚመጣውን ለማወቅ የሚጣል ብሎ። የመጀመሪያውን ሳያዳላ የሚደረግ ከሆነ አልነቀፈውም። ይህን እኛ ከርሱ መጽሐፍ ይልቅ በዕቍባችን እናውቀዋለን። የዕቍብ ዕጣ ሲወጣ ማንም ዕጣውን ምስጢር አይጠይቀውም፤ ብሩን አስቀድሞ ማን ይውሰድ የሚለውን ብቻ ይወስናል፤ በዐሥር ሰው ፊት ይወጣል፥ ሰብሳቢው ይጽፈዋል፥ ያልደረሰውም በተራው ይደርሰዋል። ማንንም አይበድልም። የማትያስም ዕጣ አስቀድሞ ሁለት የተመሰከረላቸው ሰዎች በጉባኤ ቀርበው፥ ጸሎትም ተደርጎ የወጣ ነው፤ ዕጣው የማይገባውን ሰው የማውጣት ሥልጣን አልነበረውም። ያ ወጣት በሌሊት ብቻውን የሚያወጣው ካርታ ግን ምስክርም ወሰንም የለውም።

በዚህ በካፋ ምድር ከጥንት ጀምሮ የሚጠየቅ ነበረ። ኤቆ የተባለው መንፈስ ያደረበት ነው የሚሉት አላሞ ዘንድ ሰዎች ስለ ሕመማቸውና ስለ በደላቸው ይሄዱ ነበር። እኔ አላሞን ጠይቁ አልልህም፤ ይህ ጽሑፍ የሚያስተምረው ከዚያ ተቃራኒ ነው። ነገር ግን ለእውነት ሲባል አንድ ነገር መናገር ይገባል፤ ወደ አላሞ የሚሄደው ሰው ጭንቀቱን ለሌላ ሰው ፊት ለፊት ይናገራል፤ አላሞውም ነገ በጐረቤትነት የሚያገኘው፥ የሚታዘበውም የሰው ልጅ ነው። በየቤቱ ቡና ከተጠጣ በኋላ በሲኒ ግርጌ የቀረውን ዝቃጭ አይታ «መንገድ ይታየኛል፥ እንግዳ ይታየኛል» የምትል ሴትም፥ ብታስትም እንኳ፥ ያንተን ቤት የምታውቅና ስታዝን የምታጽናናህ ናት። ስሕተታቸው በሰው መካከል ነው። ካርታው ግን ሰውን ከሰው ይለያል፤ ጭንቀቱን ለእናቱ፥ ለንስሓ አባቱ፥ ለመምህሩ ሊናገር የሚገባው ልጅ በሩን ዘግቶ ለወረቀት ይናገራል። ከአሮጌው ስሕተት አዲሱ ይሻላል ብሎ የሚኰራ ካለ ይህን ያስብበት።

ጕዳቱ ግን በጠያቂው ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዐት ነበረ። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ይመራል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ልጁ ምንም አላየም፤ የተከሰሰው ሰው ግን በእውነት ከፈለ፥ በእውነት ታሰረ፥ ልጆቹም የሌባ ልጆች ተባሉ። ዛሬ ያ ቀርቷል። ነገር ግን ቀለበት ጠፍቶ በቤት ሠራተኛይቱ ላይ «ካርታው ጥቍር ሴት አወጣ» ቢባል፥ ያ ልጅ ተመልሶ መጣ ማለት አይደለምን? ሁለት የሚዋደዱ ወጣቶች በ12 ሲገደፉ የአንዱ እሳት የሌላው ውሃ ሆኖ ስለ ተገኘ ሽማግሌ የተመለሰባቸው ስንት ናቸው? ትኵሳት የያዘው ሕፃን ዕጣው መልካም ስለ ወጣ ወደ ሐኪም ሳይሄድ ቢያድር፥ ትኵሳቱ ካርታ ማንበብ አይችልም።

ይህም ወደ ሠሪው ያመጣናል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም እርሱ ነው። የካርታው ሠሪ ስፌቱን ያውቃል። 13ኛውን ሥዕል ከየትኛው ታሪክ እንደ ቀዳ፥ ትርጕሙንም ቸኵሎ በአንድ ቃል እንደ ሞላው፥ 9 ቍጥርን ለዚህ የሰጠው ሌላ ቦታ ስላጣ እንደ ሆነ ያውቃል። ለእርሱ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ካርታው ከእጁ ወጥቶ ወደ ወዳጁ፥ ከወዳጁም ወደማያውቀው ሰው ሲሄድ ግን ስፌቱ አይታይም። ሁለተኛው ሰው በጥርጣሬ ይይዘዋል፤ ሦስተኛው «አንድ የሚያውቅ ሰው የሠራው ነው» ይላል፤ አራተኛው «ጥንታዊ ነው» ይላል። የኩር ደ ዤብለን ነገር ይኸው ነው፤ የላቭክራፍትም መጽሐፍ ነገር ይኸው ነው። የሰሎሞን መርበብት ብለው በብራና ጽፈው የሚሸጡ ደብተሮችም የመጀመሪያው ጸሐፊ ማን እንደ ሆነ አይነግሩህም። ሠሪው አልዋሸም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ውሸቱ የሚያድርበትን ቤት ሠርቶ በሩን ክፍት ትቶ ሄደ።

ትርፍም ሲጨመርበት ይብሳል። በሐዋርያት ሥራ በፊልጵስዩስ የምትጠነቍል አንዲት ገረድ ነበረች፤ ጌቶቿ የተቈጡት መንፈሱ ስለ ወጣ አይደለም፥ ገቢያቸው ስለ ቀረ ነው። በኤፌሶንም የአስማት መጽሐፎቻቸውን ያቃጠሉት ሰዎች ዋጋውን ቢቈጥሩት 50,000 ብር ሆነ። መጽሐፎቹን ሸጠው ገንዘቡን ለድኾች ቢሰጡ አይሻልም ነበርን? የሚል ሊኖር ይችላል። አልሸጡም፤ ቢሸጡ ኖሮ ያመኑበትን ስሕተት በዋጋ ወደ ጐረቤታቸው ያስተላልፉ ነበርና። እኔ ከዚያ ታሪክ ሁሉ ይህን እጅግ አከብረዋለሁ።

ያም ሆኖ ጠንቋይንና ካርታ ሠሪን እያሳደዱ መቅጣት መድኃኒት ይሆናል ብዬ አላምንም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468) በሥልጣን ኀይል ይህን ሞክረውት ነበር፤ ቅጣቱ በበረታ ጊዜ ጠላቱን ሊያጠፋ የፈለገ ሁሉ «ጠንቋይ ነው» እያለ ይከስ ጀመር፥ ከንጉሡ ቤተ ሰብም እንኳ በዚያ ክስ የተቀጡ አሉ። በሐሰት ዕጣ ሰውን መክሰስና በሐሰት ክስ ባለ ዕጣን መቅጣት ከአንድ ጕድጓድ የሚቀዳ ውሃ ነው።

አንተ ግን ይህን የምታነብ ወዳጄ፥ ምናልባት ካርታውን አስቀድመህ ሠርተኸው ይሆናል፤ ብዙም ደክመህበት፥ ሥዕሉም አምሮልህ፥ ማቃጠሉ እንደ ልጅ ሞት ይከብድህ ይሆናል። ሥዕል ከሆነ ሥዕል ይሁን፤ በግድግዳ ስቀለው፥ ወይም ሕግ አውጣለትና ከወንድሞችህ ጋር ተጫወትበት፥ እንደ ገበጣም ይሁንልህ። ካርታው ሲጀመር በኢጣልያ ለዚህ ነበረና ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። ለሌላ ሰው ከመስጠትህ በፊት ግን ብዕር አንሥተህ በሣጥኑ ክዳን ላይ በግልጥ ፊደል እንዲህ ጻፍበት፤ ስምህን፥ የሠራህበትን ወርና ዓመት፥ ሥዕሎቹን የቀዳህበትን ልብ ወለድ፥ ቍጥሮቹንም በምን ምክንያት እንደ ደረደርሃቸው፤ በዘፈቀደ ያደረግኸውን ደግሞ በዘፈቀደ ነው ብለህ። ከዚያ በኋላ ሣጥኑን ለጐረቤትህ ስጠውና፥ ክዳኑን አንብቦ ሲጨርስ ስለ ታመመ ልጁ ይጠይቀው እንደ ሆነ ቁመህ ተመልከት።